ስለ በዓል የተጻፈ የተማሪ አንቀጽ በምን ይለካል?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስለ እንቁጣጣሽ የሚጽፈው አንቀጽ የንግግር ርእስ ሆኖ መቅረቡ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ነገሩ ከሙያው የራቀ አይደለም። አንድ መምህር በወረቀት ራስጌ ላይ በቀይ ቀለም «ከ10 6» ብሎ ሲጽፍ ልኬት ወስዷል ማለት ነው። ልኬት ከተወሰደ ደግሞ መሐንዲስ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይከተላሉ፤ የተለካው ምንድን ነው? በምን መሣሪያ ተለካ? መሣሪያውስ ከምን ጋር ተመሳክሯል? ያው ነገር ነገ በሌላ እጅ ቢለካ ስንት ይወጣል? ለአንዲት የኮንክሪት ናሙና እንኳ እነዚህን ሳይጠይቅ ፊርማውን የማያኖር ባለሙያ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞ የመጣውን ወረቀት ሲመለከት ግን ቁጥሩን ብቻ አንብቦ ወይ ይደሰታል ወይ ይቈጣል።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈውን የሥራ ዘገባ ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ግድግዳው ለምን እንደ ተሰነጠቀ ለማወቅ የፈለገ አንባቢ፣ በመጀመሪያ የግንባታ ዘርፍ ለዕድገት ያለውን ከፍተኛ አስተዋጽኦ የሚያትት አንድ ገጽ ማለፍ አለበት፤ ቀጥሎም የፕሮጀክቱ ታሪክ ይመጣል፤ ፍሬ ነገሩ፣ ማለት ውኃ ከመሠረቱ ሥር መግባቱ፣ በመጨረሻው ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሸሽጎ ይገኛል። ይህ ልማድ በዩኒቨርሲቲ የተገኘ አይመስልም። ሥሩ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቀጽ ጻፍ» ተብሎ በታዘዘበትና ማርክ በምን እንደሚገኝ በተማረበት ክፍል ውስጥ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት የአማርኛ መምህር ከሚሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ስለ በዓል ማጻፍ ነው። ምርጫው የተገባ ነው፤ በዓሉ ገና ከልጆቹ ልብ አልወጣም፤ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል፤ የሚጻፍ ነገር የለኝም የሚል ልጅም አይኖርም። ከዚህ በታች ያሉት ሁለት አንቀጾች ለዚህ ንግግር ሲባል የተቀናበሩ ናቸው፤ መምህር የሆነ ሁሉ ግን ጸሐፊዎቻቸውን ከክፍሉ ውስጥ በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤

«እንቁጣጣሽ የሀገራችን ታላቅ በዓል ነው። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በድምቀት ይከበራል። ሰዎች አዲስ ልብስ ይለብሳሉ። ዶሮ ይታረዳል። ዳቦ ይደፋል። ልጃገረዶች አበባየሆሽ ይላሉ። ስለዚህ እንቁጣጣሽ በጣም ደስ የሚል በዓል ነው።»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው፤

«የንቁጣጣሽ ዋዜማ አባቴ ዶሮ ገዝቶ መጣ እግሯን በገመድ አሰረና ያዛት ብሎ ሰጠኝ ገመዱ ላልቶ ነበር እኔ አላየሁም አመለጠችና በአጥሩ ቀዳዳ ጎረበት ገባች እዛ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ ይዘው አመጡልን እናቴም እርሶ ባይይዙልን በአሉን ያለ ዶሮ እንውል ነበር ብላ ነገ ከኛ ጋር ይብሉ አለቻቸው እሳቸውም መጡ ከዛ ወዲህ ለበአል እሳቸው ሳይመጡ እንጀራ አይቆረስም።»

የመጀመሪያው ከ10 9፣ ሁለተኛው ከ10 4 ቢያገኙ የሚገረም ሰው አይኖርም። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው፤ ኃይለ ቃል አለው፤ መደምደሚያ አለው፤ አራት ነጥቡ በቦታው ነው። ሁለተኛው ሲታይ ያደክማል። ታዲያ የትኛው ነው አንቀጽ የጻፈው?

ይህን ለመመርመር ቀላል የሆነ ሙከራ ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ መክፈቻና መዝጊያ ትቶ በመካከል ያሉትን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ቦታ ማቀያየር ነው። ዳቦው ከዶሮው ይቅደም፤ አበባየሆሹ ከልብሱ በፊት ይምጣ፤ የሚጐድል ነገር የለም። አምስት ነገሮች በ120 ልዩ ልዩ ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ፤ 120ውም ቅደም ተከተል እኩል ያስኬዳል። እንግዲያውስ በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ማያያዣ የለም ማለት ነው፤ በአንድ ቦታ የተከመረ ድንጋይ እንጂ ግንብ አይደለም። «ስለዚህ» የምትለዋ ቃልም በመጨረሻ የገባችው ከምንም ተነሥታ ነው። ሌላም ሙከራ አለ። እንቁጣጣሽ የሚለው ተሰርዞ ገና ቢባል፣ መስከረም 1 ቀንም ታኅሣሥ 29 ቀን ቢባል፣ አበባየሆሽ የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጥቶ አንቀጹን ለገና ማስረከብ ይቻላል።

ሁለተኛው አንቀጽ ይህን አይቀበልም። ዶሮዋ ከማምለጧ በፊት ጎረቤት ልትገባ አትችልም፤ አሮጊቷ ሳይዟት ሊጋበዙ አይችሉም፤ ሳይጋበዙም የበዓሉ ልማድ ሊለወጥ አይችልም። አንዱ ሌላውን ተሸክሟል። ይልቁንም «ገመዱ ላልቶ ነበር እኔ አላየሁም» የሚለው መታለፍ የለበትም። ሕፃኑ በአምስት ቃላት የጉዳቱን ምክንያትና የራሱን ጥፋት አስታውቋል፤ ይህን ያህል ግልጽነት በብዙ የአደጋ ምርመራ ዘገባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። በመጨረሻም የደረሰበት ነገር ቀላል አይደለም፤ በአንድ ቤት ማዕድ ላይ ብቸኛ የነበሩ ሴት እንዴት ቦታ እንዳገኙ ተናግሯል። «በዓሉ በድምቀት ይከበራል» የሚለው አባባል ሊያሳይ የፈለገውና ያላሳየው ነገር ይኸው ነው።

ይህ ሲባል ግን የመጀመሪያውን ሕፃን መውቀስ አይገባም። የተማረውን በታማኝነት መልሷል፤ መክፈትና መዝጋት፣ ዓረፍተ ነገርን በነጥብ መለየት ያውቃል፤ ይህም በአራተኛ ክፍል ዕድሜ ትንሽ ዕውቀት አይደለም። ሁለተኛውም ሥርዓተ ነጥብን ካልተማረ ነገ ማንም አያነበውም። ጥፋቱ በልጆቹ ላይ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቁጥር አጠቃሎ አንዱን ልጅ ጸሐፊ፣ ሌላውን ደካማ ባሰኘው መለኪያ ላይ ነው።

የማርክ አሰጣጥ ልኬት ነው የሚለው አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ሊቅ የነበረው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ በ1888 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ፈታኞች ለአንድ ወረቀት የሚሰጡት ማርክ መለያየት የሥነ ፈለክ ተመልካቾች አንዱን ኮከብ ሲለኩ እንደሚያጋጥማቸው ስሕተት ተቈጥሮ በዚያው ሒሳብ ሊሰላ እንደሚችል አሳይቷል። በአሜሪካ ደግሞ ፖል ዲድሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነገሩን በጉልህ አስቀመጠው። የኮሌጅ ጀማሪዎች የጻፏቸው 300 ወረቀቶች ከልዩ ልዩ ሙያ ለተመረጡ 53 አንባቢዎች ተሰጡ፤ አንባቢዎቹም ምንም መመሪያ ሳይሰጣቸው በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድቧቸው ተጠየቁ። ከ300ው ወረቀቶች 101 ያህሉ ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ አገኙ፤ ከአምስት ያነሱ ልዩ ልዩ ደረጃዎች ያገኘ አንድም ወረቀት አልነበረም። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲመረምሩ አንባቢዎቹ በዘፈቀደ አለመፍረዳቸውን ተረዱ። አንዳንዱ ሐሳብን፣ አንዳንዱ የአቀራረብ ቅደም ተከተልን፣ አንዳንዱ የቃላት ምርጫን፣ ሌላው ሰዋስውንና ሥርዓተ ነጥብን፣ ሌላውም የጸሐፊውን ለዛ ይመዝን ነበር። ሁሉም በሜትር የለኩ ይመስል ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ግን ለየብቻ የተቈረጠ ገመድ ነው።

እዚህ ላይ ለቀያሾች ግልጽ የሆነ፣ ለብዙዎች ግን የማይታሰብ ልዩነት አለ። ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚያዘነብል ድንገተኛ ስሕተት ነው፤ መምህሩ ደክሞት ይሆናል፤ ከዚህ ወረቀት በፊት ያነበበው እጅግ ጥሩ ወይም እጅግ መጥፎ ነበር ይሆናል። ይህን ማከም ይቻላል፤ ሁለት መምህራን ለየብቻ አርመው አማካዩ ቢወሰድ ስሕተቱ 29 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አራት ቢሆኑ በግማሽ ይወርዳል። ሁለተኛው ግን ቋሚ ስሕተት ነው። በ3 ሴንቲ ሜትር የተለጠጠ የ30 ሜትር ሜትሮ መቶ ጊዜ ቢዘረጋ መቶ ጊዜ ያንኑ ሐሰት ይናገራል። መምህራኑ ሁሉ ውብ የእጅ ጽሑፍን ከጥሩ ሐሳብ ጋር የሚያምታቱ ከሆነ፣ የዐሥር መምህራን አማካይ የአንዱን መምህር ስሕተት ከማጽደቅ በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም።

በአማርኛ የበዓል አንቀጽ ላይ የሚታዩት ቋሚ ስሕተቶች ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል።

የፊደሉ ጉዳይ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ንግግር የድምፅ ልዩነት እንደሌላቸው የታወቀ ነው። የበዓል ወሬ ደግሞ በእነዚህ ፊደሎች የተሞላ ነው፤ በዓል፣ ዓመት፣ ሥጋ፣ ፀሐይ፣ ዐውደ ዓመት። ሊቃውንት ይቀነሱ ወይስ ይቈዩ እያሉ ለብዙ ዘመን የተከራከሩበትን፣ ጋዜጣውም በአንድ ገጽ ላይ በሁለት መልክ የሚያትመውን ነገር ሕፃኑ ቢስት፣ ስሕተቱን ማሳየት እንጂ በየቃሉ ማርክ መንጠቅ ተገቢ አይደለም። «በአል» ብሎ መጻፍና «ጎረበት» ብሎ መጻፍ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ድምፁን ራሱ ስቶታልና።

ሁለተኛው አንዱን ጥፋት ደጋግሞ መቍጠር ነው። በዶሮዋ አንቀጽ ውስጥ አራት ነጥብ የሚያስፈልጋቸውና የሌላቸው ቦታዎች ዘጠኝ ናቸው። መምህሩ ለእያንዳንዱ ግማሽ ማርክ ቢቀንስ ሕፃኑ 4 ተኩል አጣ ማለት ነው። ነገር ግን ልጁ የማያውቀው ዘጠኝ ነገር አይደለም፤ አንድ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅማ ያውቃል፤ «መጣ»፣ «ሰጠኝ»፣ «ገባች»፣ «አመጡልን» እያለ ማሰሪያ አንቀጹን በየቦታው አኑሯል። የቀረው በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መጣል ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሊታረም ይችላል። ጠቅላላ ልኬቱን ግን ይህ አንድ ጥፋት ወደ ግማሽ አውርዶታል። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ፣ ብዙ የጻፈ ልጅ ብዙ መቀጣቱ ነው። አጭርና ባዶ የጻፈ አይቀጣም። ሕፃናት ይህን ለመረዳት አንድ መንፈቅ አይፈጅባቸውም፤ ከዚያ በኋላ ዶሮ አታመልጥም፤ ዶሮ ይታረዳል ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የሕፃኑን ጽሑፍ ትቶ የሕፃኑን ቤት መለካት ነው። በማረሚያው ላይ «የበዓሉን ምግብ፣ ልብስና ጨዋታ ከጠቀሰ 3 ማርክ» የሚል ተጽፎ እንደ ሆነ፣ ያ 3 ማርክ የሚሰጠው ለአንቀጽ አሠራር አይደለም፤ በቤቱ በግ ለታረደለት፣ አዲስ ልብስ ለተገዛለት ልጅ ነው። በዚያ ዓመት ሐዘን የገባበት ቤት ልጅ ምን ይጻፍ? ኢድን እንጂ መስቀልን በቤቱ የማያከብር ልጅ ስለ ደመራ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ከአደባባይ ያየውንና ከመጽሐፍ የሸመደደውን ይጽፋል እንጂ የኖረውን አይጽፍም፤ መምህሩም «ስሜት ይጐድለዋል» ብሎ ይመልስለታል። የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ እንኳ የመስቀልን በዓል በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2008፣ ጥምቀትን በ2012፣ የሐረርን ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. ለየብቻ መዝግቦ ይዟል። ለዓለም መዝገብ የሰፋው በዓል ለአንድ ክፍል የቤት ሥራ የሚጠብበት ምክንያት አይታይም።

የቋንቋውም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መደረጉ ለብዙ ሕፃናት በዓላቸውን በኖሩበት ቃል የመጻፍ ዕድል ከፍቷል። ነገር ግን ከተማ ውስጥ በአማርኛ የሚማር የሲዳማ ልጅ ስለ ፍቼ ሲጽፍ «ቡርሳሜ» የምትል ቃል ያመጣል፤ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን የበዓል ምግብ በሌላ ስም ሊጠራው አይችልምና። ይህን ቃል በቀይ ከቦ «አማርኛ አይደለም» የሚል አራሚ፣ ትክክለኛውን ቃል በትክክለኛው ቦታ ያኖረውን ልጅ ቀጥቷል። የሚገባው ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበር፤ ቡርሳሜ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታስረዳውስ?

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው መፍትሔ ከማረሙ በፊት ከትእዛዙ ይጀምራል። «ስለ እንቁጣጣሽ አንድ አንቀጽ ጻፉ» ከማለት ይልቅ «በአንድ የበዓል ቀን በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ የሆነ አንድ ነገር ጻፉ፤ እዚያ ላልነበረ ሰው እንዲገባው አድርጋችሁ» ቢባል ብዙ ነገር ይቃናል። «ወይም በሠፈራችሁ» የምትለው ሐረግ ትርፍ አይደለችም፤ ስለ ቤቱ መናገር የማይፈልግ ልጅ የሚወጣበት በር ናት።

ቀጥሎ መለኪያው ማመሳከሪያ ያስፈልገዋል። የዓለም ኪሎ ግራም እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በፓሪስ አጠገብ ተቈልፎበት በተቀመጠ አንድ የብረት ቁራጭ ይወሰን ነበር። የጽሑፍ ጥራትም በናሙና ሊመሳከር እንደሚችል አሜሪካዊው ሂሌጋስ በ1912 እ.ኤ.አ. ሞክሮታል፤ በደረጃ የተደረደሩ የልጆች ጽሑፎችን አዘጋጅቶ፣ መምህሩ አዲሱን ወረቀት ከእነርሱ ጋር እያስተያየ እንዲመድብ አደረገ። አንድ ትምህርት ቤት ይህን ለማድረግ የውጭ አማካሪ አያስፈልገውም። የአማርኛ መምህራኑ ካለፈው ዓመት ወረቀቶች ስም የጠፋላቸውን አምስት መርጠው፣ ተከራክረውና ተስማምተው 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ብለው በመሳቢያ ቢያስቀምጡ በቂ ነው። ከናሙናው ይልቅ ክርክሩ የበለጠ ይጠቅማል፤ ባለዶሮውን ልጅ የት እናኑረው ተብሎ አንድ ከሰዓት ያህል ቢሟገቱ፣ እያንዳንዱ መምህር በልቡ ሲመዝንበት የኖረው ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

ማርኩም ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ዓምድ ለነገሩ ቅደም ተከተልና ግልጽነት፣ ሁለተኛው ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ። ከሁለት በላይ ዓምድ ማብዛት በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ በሥራ አይዘልቅም። በዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. አለቆች ለመኮንኖች የሰጧቸውን ነጥቦች መርምሮ እንዳሳየው፣ ሰው በአንድ ጠባይ ጥሩ መስሎ ከታየ በሌላውም ጥሩ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ዓምዶቹ ለየብቻ ቢሆኑም ዓይን አንድ ነውና። ስለዚህ የ60ውን ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓምድ አርሞ ከጨረሱ በኋላ፣ ወረቀቶቹን በሌላ ቅደም ተከተል ደርድሮ ወደ ሁለተኛው መመለስ ይሻላል።

መምህራን ይህን ሲሰሙ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። ለአንድ ወረቀት 3 ደቂቃ ቢሰጥ 60 ወረቀት 3 ሰዓት ይፈጃል፤ መምህሩም ሦስት ወይም አራት ክፍል ያስተምራል። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አስተርሙ የሚል ምክር የሚሰጠው ወረቀት አርሞ የማያውቅ ሰው ነው። ኮንክሪት ግን ሁሉ አይፈተንም፤ ናሙና ይወሰድለታል። ከየስድስቱ ወረቀት አንዱ፣ ማለት ከ60 10 ብቻ ለሁለተኛ መምህር ይሰጥ፤ ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለቱ መምህራን ከ2 ማርክ በላይ የተለያዩባቸው ወረቀቶች ካሉ በእነዚያ ላይ ይነጋገሩ። ካልተለያዩም የቀሩትን 50 በተረጋጋ ልብ መመለስ ይቻላል።

ነገር ግን የኮንክሪት ናሙና በ28 ቀኑ ተጨፍልቆ ይጣላል፤ ጥንካሬውን ከተናገረ በኋላ ሥራው አልቋል። የሕፃኑ ወረቀት ወደ ሕፃኑ ይመለሳል። በእጁ ሲገባ የሚያነበው መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎም ከጎኑ የተጻፈውን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ የሚጻፈው «በርታ» ወይም «ጽሕፈትህን አስተካክል» ነው። በዶሮዋ አንቀጽ ጠርዝ ላይ «ማሰሪያ አንቀጾቹን ፈልግና በየኋላቸው አራት ነጥብ ጨምር» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከዚያም ሥር «እማማ ሲመጡ የት ተቀመጡ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ልጁ በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ያን ሲመልስ የመጀመሪያውንም ያርማል። ለዘጠኝ ባለማርኩም «አንተስ የዚያን ቀን የት ነበርህ?» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ ለ60 ልጆች 30 ደቂቃ ነው። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ማርክም ልጁ ጥያቄውን መልሶ ከጻፈው ከሁለተኛው ወረቀት ይሁን።